በአሜሪካ ለአዲስ ገቢዎች፦ ተሰባሪ ዕቃን አሽጎ ስለ መላክ

አሜሪካ የገባ ሰው ብዙም ሳይቆይ ዕቃ በፖስታ መላክና መቀበል የኑሮው አካል ይሆናል። እህት ቨርጂኒያ፣ አብሮ አደግ ሚኒሶታ፣ የአክስት ልጅ ሲያትል ይኖራሉ፤ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣው ጀበና፣ ስኒ፣ በርበሬና ሽሮ ለየባለቤቱ እንዲደርስ ደግሞ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው መላክ ግድ ነው። አገር ቤት እያለን ዕቃ የምንልከው በሚታወቅ ሰው እጅ ወይም በአውቶቡስ ነበር፤ ለረዳቱም «አደራ፣ ይሰበራል» ብለን ስለምንነግረው ጥንቃቄውን የምንጠብቀው ከተሸካሚው ነበር። እዚህ አደራ የሚባል ሰው ስለሌለ ጥንቃቄው ሁሉ ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

በአሜሪካ ፖስታ ቤት ወይም ዩፒኤስና ፌዴክስ በተባሉት የግል ዕቃ አመላላሽ ድርጅቶች በኩል የሚላክ ዕቃ በመለያ ማሽን ቀበቶ ላይ ይጓዛል፣ ከአንዱ ቀበቶ ወደ ሌላው ይወረወራል፣ በጭነት መኪና ውስጥም ከእሱ የከበደ ካርቶን ሊጫንበት ይችላል። «ተሰባሪ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መለጠፍ አይከፋም፤ ነገር ግን ዕቃው በአብዛኛው የሚያልፈው በማሽን ስለሆነ ጽሑፉን እንደ መከላከያ መቁጠር አይገባም። ካርቶን ወድቆ መሬት ሲነካ እሱ ወዲያው ይቆማል፤ በውስጡ ያለው ዕቃ ግን በያዘው ፍጥነት መውረዱን ስለሚቀጥል የሚሰበረው ከካርቶኑ ግድግዳ ወይም ከጎኑ ካለው ሌላ ዕቃ ጋር ሲላተም ነው። የለስላሳ መደገፊያ ሥራው ዕቃው ድንገት ሳይሆን ቀስ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ የሚጨመቅበት ውፍረት ያስፈልገዋል። የተለመደው መለኪያ በካርቶኑ ስድስት ጎኖች ሁሉ ቢያንስ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መደገፊያ እንዲኖር ነው። ብዙ ሰው ጎንና ጎኑን በደንብ ሞልቶ ወለሉን ይረሳል፤ ከባድ ምት የሚያርፈው ግን ብዙውን ጊዜ በወለሉ በኩል ነው። ከውፍረቱ ቀጥሎ የሚታየው ነገር ዕቃው ከቦታው ንቅንቅ አለማለቱ ነው፤ ምክንያቱም በጉዞው መካከል ተንሸራቶ ጥግ የያዘ ዕቃ በዚያ ጎን የነበረው መደገፊያ ሁሉ ከንቱ ሆኖበታል። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ውፍረቱንና አለመነቃነቁን፣ ያሟላ ሰው የገዛው መደገፊያ ርካሽ ቢሆንም ዕቃው በደህና የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ካርቶኑን በተመለከተ፣ በታችኛው ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ ክብ ማኅተም ታትሞ ይገኛል። ማኅተሙ የአምራቹን ስም፣ የካርቶኑን የጥንካሬ ደረጃና ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት በፓውንድ ይናገራል፤ አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ ገደማ መሆኑን ማስታወስ ለስሌት ይበቃል። የተጻፈው ክብደት የሚሠራው ለአዲስ ካርቶን ነው፤ ጥጎቹ የላሉ፣ እርጥበት የነካው ወይም ጎኑ የታጠፈ ካርቶን ያንን አይችልም። ያገለገለ ካርቶን መጠቀም ምንም ነውር የለበትም፤ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ሆኖም አሮጌው አድራሻና ባርኮድ ሙሉ በሙሉ መነሣት ወይም መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ የቀድሞውን ባርኮድ አንብቦ ዕቃውን ወደ ሌላ ቦታ ሊመራው ይችላል። ከመጠጥ መሸጫ በነጻ የሚገኘው ካርቶን ወፍራምና በውስጡ መከፋፈያ ያለው በመሆኑ ለስኒና ለብርጭቆ እጅግ ያመቻል፤ ነገር ግን ፖስታ ቤቱ የአልኮል ምልክት የሚታይበትን ካርቶን አይቀበልም። መከፋፈያውን አውጥቶ ምልክት በሌለው ሌላ ካርቶን ውስጥ ማስገባት ግን ይቻላል።

ከመደገፊያዎቹ ሁሉ በጣም የታወቀው ባብል ራፕ የሚባለው አየር የያዙ አረፋዎች ያሉት የፕላስቲክ መጠቅለያ ነው። በ1957 በኒው ጀርሲ አልፍሬድ ፊልዲንግና ማርክ ሻቫን የተባሉ ሁለት ሰዎች ሁለት የፕላስቲክ መጋረጃዎችን አጣብቀው የግድግዳ ወረቀት ለመሥራት ሲሞክሩ የተገኘ ነገር ነው፤ ለግድግዳ አልሆነም፣ ለማሸጊያ ግን ወደር ጠፋለት። በሱቅ ውስጥ ትንንሽ አረፋ ያለውና ትልልቅ አረፋ ያለው ይሸጣል። ትንሹ ለስኒ፣ ለብርጭቆና ለጌጣጌጥ ላይኛ ሽፋን ይሆናል፤ ትልቁ ከበድ ላለ ዕቃና የካርቶኑን ክፍተት ለመሙላት ይሻላል። አረፋው ወደ ዕቃው፣ ለስላሳው ገጽ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጎ መጠቅለል የተለመደ ነው። አጥብቆ መወጠር ግን አይጠቅምም፤ አስቀድሞ የተጨመቀ አረፋ ምት ሲመጣ የሚጨመቅበት ቦታ አይቀረውም።

ወረቀት ከባብል ራፕ ያነሰ ቢመስልም በእኔ ግምት ለአዲስ ገቢ የሚሻለው እሱ ነው፤ ርካሽ ነው፣ እንደ ዕቃው ቅርጽ ይታጠፋል፣ ከተጠቀሙበት በኋላም በወረቀት መጣያ ውስጥ ይገባል። ቡናማው ማሸጊያ ወረቀት ዩሆል፣ ሆም ዲፖና ዋልማርት በተባሉት መደብሮች በጥቅል ይሸጣል። ዘርግቶ መደልደል ሳይሆን ጨምድዶ መጠቀም ያስፈልጋል፤ መደገፊያ የሚሆነው በጭምድዱ ውስጥ ያለው አየር ነው። የጋዜጣ ወረቀት ቀለሙ ነጭ ሸክላንና የሐበሻ ልብስን ስለሚያቆሽሽ ከዕቃው ጋር ሳይነካካ ክፍተት ለመሙላት ብቻ ይዋል። ኦቾሎኒ የሚመስለው ነጭ ፎም ቀላል ዕቃን ለመሙላት ይረዳል፤ ከባድ ዕቃ ግን በጉዞው መንቀጥቀጥ ውስጥ ፎሙን እየገፋ ሰምጦ ወለሉ ላይ ያርፋል። ከፕላስቲክ የተሠራው ዓይነት በዋሽንግተን ዲሲና በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ከስታርች የተሠራው በውኃ ይሟሟል፤ አንዱን ፍሬ ውኃ ውስጥ ጥሎ መለየት ይቻላል። ከኦንላይን ሱቅ በሚመጣ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት አየር የተሞሉ ከረጢቶችና ወረቀቶች አይጣሉ፤ ካልፈነዱና ካልተቀደዱ ለሚቀጥለው ጭነት ያገለግላሉ።

ከምንልካቸው ዕቃዎች ሁሉ በጣም ጥንቃቄ የሚጠይቀው ጀበና ስለሆነ በእሱ ላይ ረዘም ብዬ ልጻፍ። ጀበና ሆዱ ጠንካራ ነው፤ የሚሰበረው አንገቱ፣ ጆሮውና ጡቱ ነው። ጀበናውን እንደ ኳስ በባብል ራፕ አዙሮ ካርቶን ውስጥ ማስገባት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ግን ሽፋኑ በሆዱ ላይ ወፍራም፣ በጆሮውና በጡቱ ላይ የተወጠረና ስስ ይሆናል፤ መጀመሪያ ምት የሚያገኛቸውም እነዚሁ ወደ ውጭ የወጡት ክፍሎች ናቸው። ስለዚህ ሥራው ከእነሱ ይጀመር። ጀበናው ታጥቦ ከውስጥም ከውጭም ፈጽሞ ይድረቅ፤ ክዳኑ ወጥቶ ለብቻው ይጠቅለል። ለስላሳ ወረቀት በአንገቱ ውስጥ ሳይጨናነቅ ይግባ። በጆሮውና በአንገቱ መካከል ባለው ቀዳዳ ወረቀት ጠቅልለው እየወተፉ ይሙሉት፤ ጆሮው ከጎኑ ጋር አንድ አካል እስኪመስል ድረስ ይሞላ፤ ያን ጊዜ ጆሮው ላይ የሚያርፍ ምት ወደ ሆዱ ይተላለፋል። ለጡቱ የሽንት ቤት ወረቀት ያለቀበትን የካርቶን ቱቦ ቆርጠው ያልብሱት፤ በቱቦውና በጡቱ መካከል ያለውን ክፍተትም በወረቀት ይሙሉት። እንዲህ ጉብታና ጎድጓዳው ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ዙር ወረቀት፣ በላዩም ሦስት ዙር ባብል ራፕ ይደረግና በስኮች ይያዝ። ስኮቹ ሸክላውን እንዳይነካ ያስፈልጋል፤ ሲላቀቅ ጥላሸቱንና ልስላሴውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ካርቶን በካርቶን ውስጥ የማስገባቱ ዘዴ ይመጣል። የተጠቀለለው ጀበና ልክክ በሚል ትንሽ ካርቶን ውስጥ ቆሞ ይግባ፤ ሆዱ ክብ ስለሆነ ከሥሩ የወረቀት ቀለበት ተጠቅልሎ እንደ ማቶት ይቀመጥለት። ትንሹ ካርቶን ታሽጎ በሁሉም ጎን 2 ወይም 3 ኢንች በሚሰፋ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ይደረጋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከወለል እስከ ክዳን በተጨመደደ ወረቀት ይሞላል። የላይኛውን ክዳን ሲዘጉ ወረቀቱ ትንሽ የሚገፋ ሊሆን ይገባል፤ ወረቀት በመንገድ ላይ እየተጨመቀ ስለሚቀንስ ዛሬ ልክ የሆነው ነገ ይላላል።

ስኒዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይጠቀለሉ፤ አንዱን በአንዱ ውስጥ ደራርቦ መላክ የሸክላን ስስ ከንፈር ለመሰንጠቅ ማመቻቸት ነው። ሰሃን ደግሞ ተጋድሞ ከመደራረብ ይልቅ በጠርዙ ቆሞ ቢደረደር ጫናን ይበልጥ ይችላል። መሶብ በመውደቅ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከላይ በሚጫንበት ክብደት ስለሆነ ውስጡ በነጠላ ወይም በጋቢ ሞልቶ ከክዳኑ በላይ ቦታ ባለው ጠንካራ ካርቶን መላክ ይበቃዋል። ልብስን እንደ መደገፊያ መጠቀም የቆየ ልማዳችን ነው፤ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ልብስ ይጨመቅና ተመልሶ አያብጥም፤ ስለዚህ ለጀበና ብቸኛ መደገፊያ ሊሆን አይገባም።

በርበሬ፣ ሽሮና ቡና አይሰበሩም፤ ያፈስሳሉ። ስስ ፌስታል ብቻውን አይበቃም፤ በወፍራም ዚፕ ሎክ ከረጢት ውስጥ አየሩ ወጥቶ ይታሸግ፣ በሌላ ከረጢትም ይደገም። ማርና ንጥር ቅቤ ክዳናቸው በስኮች ተዙሮ፣ በማያፈስ ከረጢት ውስጥ ገብተው፣ ዙሪያቸውን ፈሳሽ የሚጠጣ ወረቀት ወይም ፎጣ ይደረግላቸው፤ በበጋ ሙቀት ቅቤ እንደሚቀልጥም ይታሰብ። ጠጅና አረቄ በፖስታ ቤት መላክ የተከለከለ ነው።

ካርቶኑን ለመዝጋት 2 ኢንች ስፋት ያለውን የማሸጊያ ስኮች ይጠቀሙ፤ የመሃሉን መገጣጠሚያና ሁለቱን ጫፎች፣ ከላይም ከታችም፣ ይሸፍኑ። ገመድ አይሰሩበት፤ ማሽን ውስጥ ይጠመዳል። ከመዝጋትዎ በፊት የላኪና የተቀባይ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ውስጡ ያስቀምጡ፤ የውጩ ላይብል ቢላጥ ባለቤቱ ይታወቃል። ካሸጉ በኋላ ካርቶኑን ቀስ አድርገው ያወዛውዙት፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማዎት ይክፈቱትና ይጨምሩበት።

የዋጋውን ነገር በተመለከተ፣ ሰፊና ቀላል ካርቶን በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ጭምር ሊሰላ ስለሚችል ከሚገባው በላይ ትልቅ ካርቶን መምረጥ ኪስ ይጎዳል። ፖስታ ቤቱ ለፕራዮሪቲ ሜይል አገልግሎት ካርቶን በነጻ ይሰጣል፤ ፍላት ሬት የሚባለው በአገር ውስጥ እስከ 70 ፓውንድ ድረስ ክብደቱ ሳይታይ በአንድ ዋጋ ስለሚሄድ ለበርበሬና ለቡና ተመራጭ ነው። እነዚህን ካርቶኖች ለሌላ አገልግሎት መጠቀም ግን አይፈቀድም።

ፕራዮሪቲ ሜይልና ግራውንድ አድቫንቴጅ የሚባለው ሌላው የፖስታ ቤቱ አገልግሎት በአገር ውስጥ እስከ 100 ዶላር የሚደርስ መድን ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ በላይ ዋጋ ላለው ዕቃ ተጨማሪ መግዛት ይቻላል። መድን ቢኖርም አስተሻሸጉ በቂ ካልነበረ ካሳው ሊከለከል ስለሚችል፣ ከመዝጋትዎ በፊት ዕቃውንና መደገፊያውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ ደረሰኙንም ይያዙ። ተሰብሮ ከደረሰ ተቀባዩ ስብርባሪውን፣ ካርቶኑንና ወረቀቱን ምንም ሳይጥል ያቆይ፤ ፖስታ ቤቱ ሊመረምረው ይችላልና። ለፖስታ ቤቱ የጉዳት ጥያቄ የሚቀርበው ዕቃው ከተላከበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚልክ ሰው አንድ ነገር ይጨመራል። ጥቅሉ በጉምሩክ ሊከፈት ስለሚችል አስተሻሸጉ ሌላ ሰው ፈትቶ መልሶ ሊያሽገው የሚችል ይሁን፤ እያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻው ተጠቅልሎ በላዩ ምን እንደሆነ ቢጻፍበት ፈታሹ ሁሉንም መቅደድ አያስፈልገውም። በጉምሩክ ፎርሙ ላይ «ስጦታ» ብሎ ማለፍ በቂ ስላልሆነ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ በዝርዝር ይሞላ። ሽቶ፣ የሚረጭ ቆርቆሮና ከመሣሪያው የተለየ የሊትየም ባትሪ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በፖስታ አይላኩም። በአገር ቤት ዕቃ በአብዛኛው የሚወሰደው ከፖስታ ቤት ስለሆነ የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥርና የሚሠራ ስልክ ቁጥር በውጭም፣ በካርቶኑ ውስጥ በሚቀመጠው ወረቀትም ላይ ይጻፍ።