ሲያስቀምጥዎ ክኒን ከመዋጥዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው ሲያስቀምጠው መጀመሪያ የሚሄደው መድኃኒት ቤት ነው። «ለሆድ የሚሆን ነገር ስጠኝ» ይላል። ሲፕሮ ወይም ፍላጅል ይዞ ይወጣል። ሐኪም አላየው፣ ሰገራው አልታየ።

የመጀመሪያው ስህተት ተቅማጥን ሁሉ የባክቴሪያ ሥራ ማድረግ ነው። ድንገት የሚመጣ ውሃማ ተቅማጥ፣ በተለይ የሕፃናት፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ቫይረስ ነው። ለምሳሌ ሮታ ቫይረስን ያስታውሱ፤ ክትባቱ በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። አንቲባዮቲክ፣ ማለትም እንደ ሲፕሮ ያለ ባክቴሪያን የሚያጠፋ መድኃኒት፣ ቫይረስን አይነካውም። ሕመሙ በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ ይተዋል፤ እኛ ግን ምስጋናውን ለዋጥነው ክኒን እንሰጣለን። በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ እንገዛለን።

«ባይጠቅመኝም አይጎዳኝም» የሚለው ከሁሉም የከፋ ነው። አንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም። ክኒኑ ሲገባ መድኃኒቱን ያልቻሉት ያልቃሉ፣ የቻሉት ቦታውን ይወርሳሉ። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የተረፉት መድኃኒቱን የሚቋቋሙበትን ዘረመል ፕላስሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት አድርገው ለሌላው ያቀብላሉ። ማንንም የማያሳምም ኢ ኮላይ የሚባል የአንጀት ባክቴሪያ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ለሚያመጣው ሺጌላ ለሚባል ባክቴሪያ ሊሰጠው ይችላል። ይህን የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሺጌላን ያጠኑ የነበሩ የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው። ሺጌላ ደግሞ ሰው ለማሳመም ብዙ አይፈልግም፤ ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ይበቃዋል። እጁን በደንብ ያልታጠበ አንድ ሰው ከገበታው እንጀራ ቢቆርስ፣ በእሱ ሆድ ውስጥ መድኃኒት የተላመደው ጀርም አብሮት ለሚበላው ሁሉ ሊደርስ ይችላል።

የሺጌላን ሕመም ድሮ አምፒሲሊንና ባክትሪም የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ያድኑት ነበር። እነሱ በብዙ ቦታ ከሸፉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ደም ላለበት ተቅማጥ ሲፕሮን ቀዳሚ ምርጫ አደረገ፤ በ2017 ደግሞ ሲፕሮን የሚቋቋም ሺጌላ አዲስ መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ዝርዝር ገባ። ልዩነቱ 12 ዓመት ነው!

ፍላጅልን ለሁሉም ሆድ መዋጥም አለ። ፍላጅል አሜባንና ጃርዲያን፣ ማለትም የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያንን፣ ያጠፋል፤ ሺጌላን ግን አይነካም። ስለዚህ ሰገራ መታየት አለበት። እሱም ቢሆን በማይክሮስኮፕ ሲታይ አሜባን ያሳያል እንጂ የትኛው ባክቴሪያ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ አይናገርም። ለዚያ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ መመርመር፣ ያስፈልጋል። ሕመሙ አልለቅ ካለ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ኦአርኤስን፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ መናቅስ? በተቅማጥ ሰውን የሚገድለው በአብዛኛው የሰውነት ውሃና ጨው ማለቅ ነው። በኮሌራ እንኳ ዋናው ሕክምና ፈሳሽ ነው፤ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ረዳት ነው። አንዳንዱ ከፓኬቱ ግማሹን በብርጭቆ በጥብጦ ግማሹን ለነገ ያስቀምጣል። እንደዚያ አይሆንም፤ መጠኑ ይዛባል። ሙሉው ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ካለዎት ልኩ እሱ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። «ጠጣሁ፣ ግን አላቆመልኝም» ብለው አይተዉት፤ ሥራው የወጣውን ውሃ መተካት ነው። ለሕፃናት ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨመራል፣ ጡትም አይቋረጥም።

በተቃራኒው አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገውን ሰው ቤት ማቆየት አለ። ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ የሕፃኑ ዓይን ከጎደጎደና ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ በፌጦ በሎሚ ጊዜ አይግደሉ፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ደም እያለ ኢሞዲየም የሚባለውን የተቅማጥ ማቆሚያ ወስዶ ተቅማጡን ማቆምም አደጋ አለው።

ሐኪም ሲፕሮ ካዘዘልዎ የታዘዘውን ያህል ይውሰዱ። ሁለት ፍሬ ብቻ ገዝቶ ሻል ሲል ማቆም፣ ከተረፈው ለጎረቤት ማካፈል የተለመደ ነው፤ ይቅርብዎ። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም፦ «ጨጓራዬን እንዳያቃጥለኝ» ብሎ ሲፕሮን ወይም ቴትራሳይክሊንን በወተት መዋጥ መድኃኒቱን ያደክመዋል። ካልሲየሙ ክኒኑን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። ዚንክም ያው ነው። ሁለቱም ከታዘዙ ሲፕሮው ቢያንስ ከ2 ሰዓት በፊት ይቅደም፤ ዚንኩ ከቀደመ ደግሞ ለሲፕሮው 6 ሰዓት ይጠብቁ።