ገደል አፋፍ ላይ ቤት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአንኮበር እስከ ጣርማበር ካለው አፋፍ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ያየ ሰው «እዚህ ቤት በሠራሁ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ለሜዳ የተነደፈ ፕላን እዚህ አያዋጣም። መጀመሪያ ቦታው ይናገር፣ ፕላኑ ከዚያ ይምጣ።

ትልቁ ስህተት ለእይታ ሲሉ ገደሉ ጠርዝ ላይ መውጣት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አጠገብ፣ ይዛባ ወይን፣ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ሕዝብ ተፈናቅሏል። የላላ አፈር የክረምቱን ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ መያዣ ያጣል። ስለዚህ ቦታውን በነሐሴ ሄደው ይዩት። መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ዛፉ ወደ ቁልቁለቱ አጋድሎ ወይም ያልነበረ ምንጭ ፈልቆ ካዩ ይተዉት። ልብዎ ቢቀርም ይተዉት። የአካባቢውን ሽማግሌዎችም ይጠይቁ፤ የት እንደተናደ ያውቃሉ።

ሁለተኛው ዳገቱን በዶዘር ቆርጦ ሜዳ ማድረግ ነው። ግማሹ ቤት በተቆረጠው ጠንካራ መሬት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ካረፈ ሙሌቱ ይሰምጣል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ይልቅ ቤቱ እንደ ገበሬው እርከን ደረጃ በደረጃ ይውረድ። ሳሎኑ ከላይ ይሁን፣ መኝታ ቤቱ ጥቂት ደረጃ ዝቅ ይበል። ከቤቱ በላይ ቦይ ይቆፈር፤ ጎርፉ ግን ጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይለቀቅ። ደጋፊ ግንቡም የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ አለዚያ ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ገፍቶ ይጥለዋል።

ብርዱን መናቅም አለ። በደጋው ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ሰፊው መስኮት ወደዚያው ይዙር። እይታው ግን በስተምሥራቅ ስለሆነ ብዙ ሰው ምሥራቁን ሙሉ በሙሉ መስታወት ያደርገዋል። ጠዋት ደስ ይላል። ማታ ግን የቤቱ ሙቀት በዚያው ሾልኮ ያልቃል። በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ አንድ መጠነኛ መስኮት ለእይታው ይበቃል። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ የመንዝ ሰው ይህን ድሮ ያውቀዋል።

በመጨረሻ፣ አዲሱን ነገር ሁሉ በዋናው ቤት ላይ አይሞክሩ። የተጠቀጠቀ አፈር ግድግዳ ካማረዎት በቅድሚያ ማድቤቱን ይሥሩበት፣ አንድ ክረምት ይለፍበት። ግድግዳው ከሥር ከረጠበ ዋናው ቤት ላይ የድንጋይ መሠረቱ እስከ ጉልበት ከፍ ይበል፣ የጣሪያው ክፈፍም ይርዘም።