የዋልታ አሳሽና ተዋናይ የነበረውን የፒተር ፍሮይከንን ሕይወት በትምህርት ቤት መድረክ ለማቅረብ

ዴንማርካዊው ፒተር ፍሮይከን በግሪንላንድና በሰሜን ካናዳ በረዶ ላይ ለዓመታት የተጓዘ አሳሽ፣ ነጋዴና ጸሐፊ ነበር፤ በኋላም በሆሊውድ ፊልም ላይ ተውኗል። እንዲህ ያለው ሕይወት ለመድረክ የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይዘጋጅ የገባበትን ሰው በቀላሉ ያሳስታል። እኔ ታሪኩን ጅማ ውስጥ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ጋር ሁለት ጊዜ አዘጋጅቼዋለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ትረካውን የጀመርነው ሰውየው ከተቀበረበት በረዶ ውስጥ በራሱ ዓይነ ምድር መሣሪያ ሠርቶ ወጣ ከሚባለው ክፍል ነበር። ተመልካቹ ሳቀ፤ ሳቁም ስላልበረደ የሚስቱ ሞት ሲነገር እንኳ ከኋላ ወንበሮች ይሰማ ነበር። ከዚህ በታች የጻፍሁት በሁለተኛው ጊዜ የሠራንበትን መንገድ ሲሆን፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል ትረካ የታሰበ ነው።

ከሁሉ አስቀድመው የዘመን አቆጣጠሩን ያስተካክሉ። ስለ ፍሮይከን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም እዚህ የምጠቀመው በዚያው ነው። ለተማሪ ግን ባዶ ቁጥር አይበቃውም። ፍሮይከን የተወለደው የካቲት 20 ቀን 1886 ኒኮቢንግ ፋልስተር በምትባል የዴንማርክ ከተማ ነው ከማለት ይልቅ፣ የዐድዋ ድል ሲሆን ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር ብሎ መጀመር ይሻላል። በፊልም የታየበት 1933 ጣልያን አገራችንን ከመውረሩ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የሞተው መስከረም 2 ቀን 1957፣ በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። ተራኪው እነዚህን ሦስት ማነጻጸሪያዎች ከያዘ ሌሎቹን ዓመታት ተመልካቹ ራሱ በየቦታቸው ያስቀምጣቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቃላት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የጅማ ልጅ «በረዶ» ሲባል የሚታየው ቆርቆሮ ላይ ተንጣጥቶ ወርዶ ጓሮ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የሚቀልጠው ነው። ይህን አንድ ቃል ለሁሉም ነገር ከተጠቀምንበት ግሪንላንድ ዓመቱን ሙሉ ጠጠር የሚዘንብበት አገር ትሆናለች። ስለዚህ እንደ ጥጥ ብናኝ ለሚወርደው «አመዳይ»፣ በሺህ ዓመታት ተጋግሮ ምድሩን ለሸፈነው «ግግር በረዶ»፣ ቆዳ ለሚያቃጥለው ሌሊት ደግሞ «ውርጭ» የሚሉትን ለይተው ይያዙ፤ ተዋናዮቹም በልምምድ ጊዜ እንዳያቀላቅሏቸው ይከታተሉ። የጨለማውም ነገር እንዲሁ ነው። ጅማ ላይ ፀሐይ በክረምትም በበጋም ዐሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ትቆያለች፤ ፍሮይከን በኖረበት በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ግን በመኸር የጠለቀች ፀሐይ ወደ አራት ወር ገደማ ተመልሳ አትወጣም። ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ አዳራሹን አጨልሞ ተራኪውን በአንዲት ኩራዝ ብርሃን ማስነበብ የተሻለ ይሠራል።

ወደ ትረካው ሲገቡ በፑስተርቪግ ይጀምሩ። ፍሮይከን በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን የሕክምና ትምህርት ትቶ፣ በ1906 ሉድቪግ ሚሊዩስ ኤሪክሰን ከሚመራው ጓድ ጋር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ ሄደ። ፑስተርቪግ በተባለችው የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጎጆም ክረምቱን ለረጅም ጊዜ ብቻውን አሳለፈ። ራሱ እንደጻፈው፣ ከትንፋሹ የሚወጣው እርጥበት ግድግዳው ላይ እየቀዘቀዘ በላይ በላዩ ይጋገር ስለነበር ጎጆዋ ከቀን ወደ ቀን እየጠበበችበት ሄደች። ተኩላዎችም ውሾቹን በሉበት። መሪው ሚሊዩስ ኤሪክሰንና ሁለት ባልደረቦቹ ከጉዟቸው ሳይመለሱ በበረዶው ላይ ሞተው ቀሩ።

ይህ ግድግዳ ለጅማ ተማሪ እንግዳ የሚመስለው ለጊዜው ነው። በክረምት ሰው የሞላበት ታክሲ ውስጥ መስተዋቱ በትንፋሽ ሲደፈን ያላየ ልጅ የለም፤ ያ ጤዛ እዚያው እየቀዘቀዘ ቢቀር ኖሮ መኪናዋ ከውስጥ እየጠበበች ትሄድ ነበር። ሁለተኛው ማስረጃ ከብዙ ቤት አይጠፋም። ፍሪጅ ሳይጸዳ ሲቆይ የማቀዝቀዣው ክፍል ግድግዳ በረዶ እየለበሰ ይወፍርና ቀድሞ ሁለት ኪሎ ሥጋ ይገባበት የነበረው ቦታ አንድ ሳህን እንኳ አልቀበል ይላል። በመድረክ ላይ ይህን ያሳየነው በጠመኔ ነው። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን ወለሉ ላይ ሠርተን ተዋናዩን መሃል አስቀመጥነው። ተራኪዋ አንድ አንቀጽ አንብባ በጨረሰች ቁጥር አንድ ልጅ ዝም ብሎ እየመጣ ከፊተኛው መስመር አንድ ስንዝር ተኩል ወደ ውስጥ አዲስ መስመር ያሰምራል። ተዋናዩ መጀመሪያ እግሩን ዘርግቶ ነበር፤ ቀጥሎ አጠፈው፤ በመጨረሻ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። አንድም ቃል አልተናገረም። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ይሰማ የነበረው ጠመኔው ሲሚንቶ ላይ ሲፋቅ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ጉዞዎች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ፍሮይከን በ1910 ከወዳጁ ከክኑድ ራስሙሰን ጋር በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ቱሌ የተባለውን የንግድ ጣቢያ አቋቋመ፤ በ1912 ሁለቱ ኢኑይት ከሚባለው የዚያ አገር ነባር ሕዝብ ከሆኑ ሁለት አዳኞች ጋር ሆነው ወደ 1000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ግግር በረዶ በውሻ ሸርተቴ አቋረጡ፤ ከ1921 እስከ 1924 በተካሄደውና በጣቢያው ስም በተጠራው አምስተኛው የቱሌ ጉዞም ተሳተፈ። ርቀቱን ለማስረዳት ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሦስት ጊዜ ያህል እንደ መሄድ ነው፣ መንገድ ግን የለም ማለት ይበቃል።

አንድ ሰው ግን ሊታለፍ አይገባም። ፍሮይከን በ1911 ናቫራና የተባለች የኢኑይት ሴት አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። የዚያን አገር ቋንቋና አኗኗር እንዲህ አጥልቆ ሊያውቅ የቻለውም ከእሷና ከዘመዶቿ ጋር ስለኖረ ነው። ናቫራና በ1921 አምስተኛው ጉዞ ሲጀመር በኢንፍሉዌንዛ ታማ ኡፐርናቪክ በተባለ ቦታ ሞተች። ፍሮይከን እንደተረከው፣ አልተጠመቀችምና በቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ልትቀበር አይገባም ስለተባለ እሱ ራሱ ወስዶ ቀበራት። ይህን ትዕይንት ስናዘጋጅ ልጆቹ ለቅሶ ሊጨምሩበት ፈልገው ነበር፤ እኔ ከለከልሁ። ቀብር ላይ ሰው ሳይመጣ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ዕድር ባለበት አገር ላደገ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም። ተዋናዩ ሬሳውን ለብቻው ተሸክሞ ከአንዱ የመድረክ ጫፍ ወደ ሌላው ይሂድ፤ ሌላው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም። ስለ ሕዝቡ ሲነገርም «ኢኑይት» ይባል፤ የቆየው «ኤስኪሞ» የሚለው መጠሪያ ዛሬ ብዙዎቹን ስለሚያስከፋ የፊልሙ ርእስ ሲጠቀስ ብቻ ይግባ። የኢኑይትን ሚና የያዙ ልጆችም ፈጠራ በሆነ የድምፅ ጩኸት እንዲናገሩ አይፍቀዱ። በራሳቸው ቋንቋ አሳምረው ይናገሩ።

የበረዶው ዋሻ ተራ የሚደርሰው አሁን ነው፤ ተመልካቹ ሰውየውን ካወቀው በኋላ። በአምስተኛው ጉዞ ላይ ማዕበል የያዘው ፍሮይከን በአመዳይ ውስጥ ቆፍሮ ተጠለለ፤ ሊወጣ ሲል ግን የሸፈነው ሁሉ ጠንክሮ አገኘው። ከድብ ቆዳ ቁራጭም፣ ከራሱ ዓይነ ምድርም መሣሪያ ለመሥራት ሞከረ፤ የኋለኛው በውርጩ እንደ ድንጋይ ሲደርቅለት እንደ መሮ ተጠቅሞ ፈልፍሎ ወጣ። በዚያ ቦታ ሌላ ሰው ስላልነበረ ይህ የምናውቀው ከራሱ አንደበት ነው፤ ተራኪውም «እሱ እንደጻፈው» የሚለውን ሐረግ መዝለል የለበትም። ለሚስቁት ልጆች የሚሆነውን መልስ እዚያው ትረካው ውስጥ ያስገቡት፦ ብርድ የመታው እግሩ በሰበሰና ጣቶቹ ያለ ማደንዘዣ ተወገዱ፤ በኋላም እግሩ ተቆርጦ ቀሪ ዘመኑን በእንጨት እግር ሄደ። ከዚያ የፍሪጅ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለፊተኛው ረድፍ ልጆች እየተቀባበሉ እንዲይዙት ይስጡ። አንድ ልጅ ግን ከደቂቃ እኩሌታ በላይ እንዳይዘው አንድ መምህር በሰዓት ይቆጣጠር፤ እርጥብ ጣት በቀጥታ ከማቀዝቀዣ በወጣ ብረት ላይ ስለሚጣበቅ ብረት ነገር ፈጽሞ አይስጧቸው።

አሁን ወደ ተዋናዩ ፍሮይከን ደረስን፤ ከሁሉ በላይ ልምምድ የሚፈልገውም ይህ ክፍል ነው። በ1933 ኤም.ጂ.ኤም. የተባለው የሆሊውድ ፊልም ኩባንያ በአላስካ ያነሣውን «ኤስኪሞ» የተባለ ፊልም አወጣ። ታሪኩ ከፍሮይከን መጻሕፍት የተወሰደ፣ ዳይሬክተሩ ደብልዩ ኤስ ቫን ዳይክ፣ መሪ ተዋናዩ ደግሞ የአላስካው ተወላጅ ሬይ ማላ ነበር። የፊልሙ ተወላጆች የሚነጋገሩት በራሳቸው ቋንቋ ሲሆን፣ ሥራው ለፊልም ቅንብር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ፍሮይከን በፊልሙ የተጫወተው ጀግናውን አይደለም። ፀጉራቸው የሚፈለግ እንስሳትን ቆዳ ከአዳኞች የሚገዛ፣ በአንድ አዳኝ ሚስት ላይ ግፍ የሚፈጽምና በመጨረሻ በአዳኙ እጅ የሚሞት ክፉ የመርከብ ካፒቴን ሆኖ ነው።

እኔ የሕይወቱ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍሮይከን ለዓመታት የቱሌ ጣቢያ ሰው ነበር፤ አዳኞች የቀበሮ ቆዳ ያመጣሉ፣ እሱ ጠመንጃና ሌላ ሸቀጥ ይሰጣል፤ ከንግዱ የሚገኘው ትርፍም ለጉዞዎቹ ወጪ ይውላል። ራቅ ካለ አገር በመጣ ሸቀጥና በአካባቢው ሰው ድካም መካከል የቆመ ነጋዴ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከውስጥ ያውቃል። ካፒቴኑን ሲጫወት ያሳየው እሱ ራሱ ሊሆን ይችል የነበረውን፣ ያልሆነውን ሰው ነው። የጅማ ልጆች ይህን ለመረዳት ከማንም በላይ የቀረቡ ናቸው፤ ብዙዎቹ እሸት ቡና በጆንያ ተሸክመው ከአባታቸው ጋር ሰብሳቢው በር ላይ ተራ ጠብቀዋል፤ ሚዛኑን የያዘው ሰው ፊት ሲጠቁርና ሲፈታ የአባታቸው ፊትም አብሮ ሲለዋወጥ አይተዋል።

ስለዚህ ሁለቱን ሚናዎች ለአንድ ተዋናይ ይስጡ። መሃል መድረክ ላይ ሚዛን ያስቀምጡ፤ በመጀመሪያው ትዕይንት ፍሮይከን ደበሎውን ለብሶ የአዳኙን ቆዳ ይመዝናል፣ ስሙን ጠርቶ ይጠይቀዋል፣ አብረው ይቀመጣሉ። ከዚያ መጋረጃ ሳይዘጋ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ተመልካቹ እያየው ደበሎውን አውልቆ የካፒቴን ኮፍያ ያደርግና በዚያው ሚዛን ላይ ያንኑ ቆዳ ይመዝናል። አሁን ስም አይጠራም፤ ዓይኑም ከሚዛኑ አይነሣም። የእኛ ተዋናይ በመጀመሪያ ክፋቱን በጩኸት ሊያሳይ ሞክሮ ነበር፤ የተሳካለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ትንሽ ማሳረፍ ሲጀምር ነው። የእንጨት እግሩንም አይርሱ፤ ፍሮይከን ወደ ፊልሙ የገባው እግሩን ካጣ በኋላ ነው። ተዋናዩ አንድ ጉልበቱን ሳያጥፍ መራመድን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይለማመድ። አነካከሱ ሳቅ እንዳይፈጥር እግሩን አይጎትት፤ አጥብቆ ይርገጥ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በተራኪው አንደበት ማለፍ ይበቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዴንማርክ አርበኞች ጎን ቆሞ፣ በኋላ ወደ ስዊድን ማምለጡን፣ በ1956 ደግሞ በአሜሪካ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ስለ ሰባቱ ባሕሮች ተጠይቆ 64,000 ዶላር ማሸነፉን አንድ አንቀጽ ይይዘዋል።

ጊዜውን ሲመርጡ የከተማችንን ጠባይ ያስቡ። ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮ ጣራ ባለው አዳራሽ ውስጥ የተራኪ ድምፅ አይሰማም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ብዙ ተማሪዎች በቡና ለቀማ ላይ ስለሚሆኑ ልምምዱ ይበተናል። እኛ ልምምዱን በታኅሣሥ ማገባደጃ ጀምረን በጥር መጨረሻ አቀረብን፤ ተስማምቶናል።

ለመጨረሻው ትዕይንት ተዋናይ አያስፈልግም። ፍሮይከን የሞተው በአላስካ፣ አንኮሬጅ አጠገብ ባለ የአየር ኃይል ሰፈር ነው፤ አመዱም ወደ ቱሌ ተወስዶ ጠፍጣፋ አናት ባለው በዳንደስ ተራራ ላይ ተበተነ። ደበሎውን በጠመኔ ከተሰመሩት መስመሮች በጠባቡ ውስጥ ያስቀምጡት። ተራኪዋ ቀኑንና የቦታውን ስም ብቻ ታንብብ፤ ከዚያ ኩራዙን ታጥፋ።