ሞክሼ በበዛበት መዝገብ ሰውን እንዴት መለየት ይቻላል? ለጅማና አካባቢዋ

የጅማን የድሮ መዝገብ «መሐመድ አሕመድ» ብሎ የሚያገላብጥ ሰው ስሙን በየገጹ ያገኘዋል። ከስም ቀጥሎ የአባት ስም ብቻ በሚጻፍበት አገር ሞክሼ መብዛቱ አይቀርም። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ደግሞ ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኖረን ሰው ለመለየት በስሙ ዙሪያ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ የግድ ነው። የሚከተለው አካሄድ የአያቱን ይዞታ ለሚያጣራም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራም ያገለግላል።

በመጀመሪያ ካርድ ያዘጋጁ። ስሙ በተገኘበት ሰነድ ልክ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ። አምስት ቦታ ካገኙት፣ አንድ ሰው መሆኑን ቢጠረጥሩም አምስት ካርድ ይሁን። በካርዱ ላይ ስሙን ፊደል በፊደል እንደተጻፈው ይገልብጡ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሰነዱን ዓይነት፣ የፋይልና የገጽ ቁጥሩን፣ እንዲሁም በዚያው ገጽ የተጠቀሱትን ሌሎች ሰዎች ሁሉ ይጨምሩ። ስህተት ቢመስልዎትም ስሙን አያርሙ።

ቀጥሎ ስሙን ይፍቱት። ጅማ ላይ ትልቁ ሥራ ይኸ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ ስም አይደለምና። «አባ ቆሮ» የአካባቢ ገዥ ሹመት ነው፤ ሁለት አባ ቆሮዎች ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል። «አባ ዱላ» የጦር መሪ ማዕረግ ሆኖ ሳለ መጠሪያ ስምም ይሆናል፤ በ1932 እ.ኤ.አ. በጅማ ዙፋን ላይ የተቀመጡት አባ ጆቢር የአባ ዱላ ልጅ ናቸው። አባ ጆቢር ራሳቸው በአንዳንድ ጽሑፍ «አባ ጆፊር» ተብለው ስለሚገኙ፣ ዓይኑ የደከመ አንባቢ ከአያታቸው ከአባ ጅፋር ጋር ቢያምታታቸው አይገርምም።

የፈረስ ስም፣ ማለትም ሰው በሚጋልበው ፈረስ የሚጠራበት ስም፣ ሌላው ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደተባሉ ሁሉ አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው፤ በዚህም ስም ሁለት ንጉሦች ነግሠዋል። የመጀመሪያው ሰና፣ የአባ መጋል ልጅ፣ ከ1830 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ገዙ። ሁለተኛው ቱሉ፣ የአባ ጎሞል ልጅ፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነገሡ፤ ለምኒልክ የገበሩትም፣ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ያለውም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረት የሌለው ወረቀት «አባ ጅፋር» ብቻ ቢል፣ የምኒልክ ወይም የግብራቸው ነገር ከተነሣበት ሁለተኛው ናቸው። እዚህ ላይ ተቃራኒው ችግርም እንዳለ ልብ ይሏል፦ አንድ ሰው በአንዱ ሰነድ በመጠሪያ ስሙ፣ በሌላው በፈረስ ስሙ ተጽፎ ሁለት ሰው መስሎ ይቀመጣል። ሐጂ፣ ሼህ፣ ቀኛዝማች የመሳሰሉትንም ለብቻ ይመዝግቡ። ሰው ሐጂ የሚባለው ከሐጅ በኋላ ስለሆነ፣ «ሐጂ» የሌለበት ቀደምት ሰነድና «ሐጂ» ያለበት የኋላው የአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

በፊደሉ ላይ ብዙ ጊዜ አያጥፉ፤ ጥቂት ወጥመዶችን ማወቅ ይበቃል። መሐመድ፣ ሙሐመድና መሀመድ አንድ ስም ናቸው፤ ማሕሙድና አሕመድ ግን ሌሎች ናቸው። «አብዱ» ከአብዱልከሪምም ከአብዱረሕማንም ሊያጥር ይችላል። በክርስቲያኖች ስም «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያምም ተስፋ ማርያምም፣ «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም ስለሚሆን ሙሉውን የጻፈ ሌላ ገጽ እስኪገኝ እንዳለ ይተዉት። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ (በኦሮምኛ የላቲን ፊደል) የተጻፈውን እንደ እንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ደግሞ ጫላን «ካላ» ያደርገዋል።

ቀኑን ከመቀየርዎ በፊት የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይለዩ። የኛና የፈረንጅ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ 33 የሂጅራ ዓመት ከ32 የኛ ዓመት ጋር ይቀራረባል፤ በዓረብኛ ወረቀት 66 ዓመቱ የሆነው ሽማግሌ በኛ 64 ነው። የጣሊያን ዘመን ሰነድ ከዓመቱ አጠገብ በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዘመን ይጨምራል፤ የሚቆጠረው ከ1922 እ.ኤ.አ. ነው፣ የፋይል ቁጥር እንዳይመስልዎት። ዕድሜ ራሱ በግምት ስለሚጻፍ፣ የሁለት ሦስት ዓመት ልዩነት ሰውን አይለይም።

ቦታውም እንዲሁ ይንሸራተታል። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች፣ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብት) ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ «ከፋ» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል የሰቃን ወይም የዴዶን ሰው ሊይዝ ይችላል። ጅማ ውስጥ ሂርማታ የሚለው ስም የገበያውም የሰፈሩም ነው። የከተማ ቀበሌ የመጣው ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ስለሆነ፣ የቀበሌ ቁጥር ያለው ሰነድ ከዚያ ሊቀድም አይችልም።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ ይሂዱ። ከሁሉ የሚያስተማምነው ይኸ ነው ባይ ነኝ። የመሬት ውል በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን ወንዝ እያለ አዋሳኝ ይቆጥራል፤ ዋስና ምስክርም ይጠራል። ሞክሼ የሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሦስት ጎረቤትና አንድ ዋስ ይኖራቸዋል ማለት ዘበት ነው። በ1936 ዓ.ም. አዋጅ የጸኑት የናኢባና የቃዲ (የሸሪዓ) ፍርድ ቤቶች የውርስ ፋይልም ሚስቶችንና ልጆችን ከነድርሻቸው ስለሚዘረዝር፣ የሚስት ስም የወንዱን ማንነት ይፈታል።

ካርዶቹን በዘመን ቅደም ተከተል ይደርድሩና መጀመሪያ የማይገጥመውን ይፈልጉ። በአንድ ቀን ሊሙም ጅማም ቀርቦ የፈረመ፣ በአንዱ ሞቶ በሌላው የሚከስ ሰው ካለ ሁለት ናቸው። ልጅን በአያቱ ስም የመጥራት ልማድ እዚህ ላይ ያታልላል፦ የመሐመድ አሕመድ ልጅ አሕመድ መሐመድ፣ የልጅ ልጁ ደግሞ እንደገና መሐመድ አሕመድ ይሆናል። ሦስተኛው ስም እንኳ ሁልጊዜ አያድንም። ማስረጃው ካልሞላ ሳይቀላቅሉ «መሐመድ አሕመድ 1»፣ «መሐመድ አሕመድ 2» እያሉ ይተዉ። የተለያዩትን በኋላ ማጋጠም ቀላል ነው፤ የተቀላቀሉትን መለየት ግን ሥራውን ከሀ መጀመር ነው።

የሚፈለገው ሰው ደራሲ ሲሆን ሁለት ነገር ይጨመራል። በኪታብ መጨረሻ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ የገልባጩ ነው፤ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ደግሞ የባለቤቱ፣ ስለዚህ ደራሲውን በመግቢያው ይፈልጉ። የታተመ መጽሐፍ ከሆነ የካታሎግ አጻጻፍ ይጠንቀቁ። መኮንን እንዳልካቸው ደራሲም ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበሩ፤ ልጃቸው እንዳልካቸው መኮንን ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የፈረንጅ ካታሎግ የአባትን ስም ስለሚያስቀድም ልጃቸው «መኮንን፣ እንዳልካቸው» ይሆናሉ፤ ከአባታቸው የሚለያቸው አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው።

ሽማግሌ የሚጠየቀው ካርዶቹ ከተደረደሩ በኋላ ነው። «ቡና ነጋዴው መሐመድ አሕመድ የእርስዎ አጎት ናቸው አይደል?» ብለው መልሱን በአፋቸው አያስገቡ። «አባባ፣ በመንደራ ሰፈር በዚያ ዘመን በዚህ ስም እነማን ነበሩ?» ብለው ይጠይቁና፣ የነገሩዎትን ከነስማቸውና ከነቀኑ በተለየ ካርድ ላይ ይጻፉ።