የኮለን (የቤት ምሰሶ) አርማታ ዕድሜ እንዲኖረው እንዴት ይሞላል?

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ሰበታ፣ ዳር ላይ ቤት የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚያገኘው በቦቴ ገዝቶ ነው። ያ ውድ ውሃ ታዲያ ሲቦካ ይትረፈረፋል፣ አርማታው ከተሞላ በኋላ ይሰሰታል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው።

መጀመሪያ አሸዋውን ፈትሹ። ሃይላንድ ውስጥ 10 ሴንቲ አሸዋ፣ ውሃና ቆንጠር ያለ ጨው ጨምራችሁ ናጡት፤ ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። ከላይ የተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ሲ-25 ለሚባለው የአርማታ ጥንካሬ ደረጃ፣ ለአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር ይገባል። ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ነው። በአካፋ መቁጠር ልኬት አይባልም።

አሁን ውሃው። አሸዋው ደረቅ ከሆነ ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር። ጨበጥ ሲያደርጉት የሚጠቀለል እርጥብ አሸዋ ግን ራሱ 5 ሊትር ገደማ ይዞ ስለሚመጣ አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር፣ ይበቃል። ባሬላ ተሸካሚዎች «ደረቀብን፣ ጨምሩበት» ማለታቸው አይቀርም፤ እሺ አትበሉ። ትርፉ ውሃ ሲተን ከፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። በዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባና 13 ገደማ የነበረውን ፒኤች፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ብረት (ፌሮ) ከዝገት የሚጠብቀውን የአልካሊነት ልክ፣ ከ9 በታች ያወርደዋል፤ ያኔ ፌሮው ይዝጋል፣ ዝገቱ አብጦ አርማታውን ይሰነጥቃል። ውሃ ሲበዛ ጥንካሬ እንደሚወርድ አሜሪካዊው ደፍ አብራምስ በ1918 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ ሳይቱ ላይ ግን ዛሬም ያከራክራል።

ፌሮው አርማታው ከሚሞላበት ቅርጽ (ከካሳ ፎርማው) በ25 ሚሊ ሜትር የሲሚንቶ ስፔሰር (ማራቂያ) ይራቅ፤ ጠጠር ወይም እንጨት መወተፍ አይሆንም። በየ50 ሴንቲው እየሞላችሁ አርማታውን አንቀጥቅጦ የሚጠቀጥቀውን ቫይብሬተር ቶሎ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት። በብረት መውጋት ለኮለን አይበቃም፤ እግሩ ጋ ጠጠሩ ብቻውን ይቀራል።

ሌላው ጣጣ ፒፒሲ ሲሚንቶ ነው። ውስጡ የተፈጨ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አለበት። ፑሚሱ የሚሠራው ሲሚንቶው ሲጠነክር ከሚያወጣው ኖራ ጋር ተዋህዶ ቀዳዳውን ሲደፍን ነው። ይህ ዝግ ያለ ሥራ ነው፣ እርጥበትም ይፈልጋል፤ ከደረቀ ፑሚሱ ተራ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ተመራማሪዎች የሚያወሩለት ኤልሲ3 የተባለ ሲሚንቶ እንኳ፣ ግማሹን ክሊንከር (የሲሚንቶ ዋና ግብዓት) በተቃጠለ ሸክላ አፈርና በኖራ ድንጋይ የሚተካው፣ ከዚህ አያመልጥም።

ስለዚህ ፑሚስ ለሌለው ተራ ሲሚንቶ (ኦፒሲ) 7፣ ለፒፒሲ 14 ቀን አርጥቡት። ጠዋትና ማታ መርጨት ብቻውን አይጠቅምም፤ የጥርና የካቲት ነፋስ ወዲያው ያደርቀዋል። ካሳ ፎርማው እንደተፈታ ኮለኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉ፣ ከላዩ ፕላስቲክ እሰሩ፣ ጫፉ ላይ ክዳኑም፣ አየር እንዲገባ ቂጡም በሚስማር የተበሳ ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉ። ጠብ ጠብ እያለ ጆንያውን ያርሰዋል፤ በቀን ሁለት ሦስቴ መሙላት ብቻ ነው የሚቀረው።