ባትሪው ቦታ ከተቀየረ በኋላ አልነሳ የሚል የጀልባ ሞተር፦ ችግርና መፍትሄ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያና ሆራ ላይ ሰው የሚያዝናኑ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ባትሪያቸው ከኋላ ሞተሩ አጠገብ ነው። ሞተሩ፣ የቤንዚን ታንኩ፣ ባትሪውና ነጂው አንድ ጥግ ሲከማቹ የጀልባዋ ኋላ ይጠልቃል፣ ፊቷ ወደ ላይ ይነሳል። ባትሪውን ወደ መሀል ወይም ወደ ፊት ማዛወር ታዲያ ጥሩ ሐሳብ ነው። የሚበላሸው ሽቦው አብሮ ሳይታሰብ ሲቀር ነው። ያኔ «ባትሪው ሞቷል» ይባልና ሌላ ይገዛል፤ ችግሩ ግን እዚያው ይቆያል። ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። ከታች ያለው ሁሉ ለ12 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ ነው፤ ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) ካለ ይበቃል።

ሲፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ሲመልሱ ኔጌቲቩን መጨረሻ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባዋ ወለል ላይ ይተኛል፤ ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪም ሃይድሮጂን ይተነፍሳል። አንድ ብልጭታ ለሁለቱም በቂ ነው። ስለዚህ ባትሪው ከታንኩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ፤ የራሱ ሳጥንም የአየር መውጫ ይኑረው፣ በቀበቶም ጠብቆ ይታሰር።

ምልክት፦ ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብቻ ይላል፣ ወይም ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) እየደከመ ይዞራል። መብራቱ ግን ደህና ነው።

ባትሪውን ከቻርጅ ከነቀሉ ጥቂት ሰዓት አሳርፈው ይለኩ። 12.6 ቮልትና በላይ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳይደረግ ምንም አይመረመርም። ቀጥሎ ሌላ ሰው ቁልፉን እያዞረ በባትሪው ፖሎች ላይ ይለኩ። ሙሉ ሆኖ ሳለ ከ9.5 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ደክሟል። ከ10 በላይ ቆሞ ሞተሪኖው ካልጠነከረ ግን ጥፋቱ መንገድ ላይ፣ ማለትም ገመዱና ማያያዣዎቹ ላይ ነው።

ጥፋቱን መንገዱ ላይ እንዲህ ያግኙት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ፖል ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው ፖዘቲቭ ብሎን ላይ ያድርጉና ቁልፉ ይዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ያ ሁሉ ገመዱና ማያያዣዎቹ ላይ እየቀረ ነው። በኔጌቲቩም በኩል ከባትሪው ፖል እስከ ሞተሩ ብረት ይድገሙት፤ ከ0.3 መብለጥ የለበትም። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ብቻ ለክቶ ያቆማል፤ ዝገት የሚወደው ግን ማሳውን (የኔጌቲቩን መስመር) ነው።

ቦታ ሲቀየር ለምን ይህ እንደሚመጣ ሒሳቡ ያሳያል። መዳብ በአንድ ሜትር ርዝመትና በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት 0.0175 ኦም ገደማ ይይዛል። ባትሪው ከሞተሩ 1.5 ሜትር ሲርቅ ሄዶ መመለሻው 3 ሜትር ነው። ሞተሪኖው 150 አምፔር ቢስብ ባለ 16 (ካሬ ሚሊሜትር) ገመድ ላይ የሚቀረው ግማሽ ቮልት ያህል ነው፤ ያስነሳል። ባትሪው ወደ ፊት ሄዶ ርቀቱ 4 ሜትር ሲሆን መንገዱ 8 ሜትር ይሆናል፤ በዚያው ባለ 16 ገመድ 1.3 ቮልት ይጠፋል። ባለ 25 ቢሆን 0.84፣ ባለ 50 ቢሆን 0.42። የድሮውን ገመድ በቁራጭ ቀጥሎ ማስረዘም የማይሠራው ለዚህ ነው። ባለ 50 ካልተገኘ ሁለት ባለ 25 ጎን ለጎን ይሠራል።

ገመድ መርካቶ ሲገዙ ከጫፉ አንዱን ክር በቢላ ፋቅ ያድርጉት። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ይተዉት። ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፤ ለጀልባ ከዚህ የተሻለ የለም። የብየዳ ገመድም መዳቡ እውነተኛ ከሆነ ይሆናል፣ ላስቲኩን ግን ከቤንዚን ያርቁት። የጫፉ ቀለበት በመዶሻ ተቀጥቅጦ ሳይሆን በፕሬስ ይጨመቅ። ስታኞ (ቀልጦ የሚያያይዝ ቆርቆሮ) ብቻውን አይታመንም፤ ወደ ክሮቹ ሰርጎ ያደርቃቸውና በንዝረት እዚያው ጋ ይሰበራል።

ምልክት፦ ማታ ሙሉ የነበረ ባትሪ በሁለት ሦስት ቀን ባዶ ይሆናል።

ሁሉንም አጥፍተው ኔጌቲቩን ይፍቱ፣ ቴስተሩን በ10 አምፔር ቀዳዳ በፖሉና በገመዱ መሀል ያስገቡ። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሳት አይሞክሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። ከ0.05 አምፔር በላይ ካነበበ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት መስመር ጥፋተኛው ነው። ግማሽ አምፔር ትንሽ ይመስላል፣ ግን በቀን 12 አምፔር ሰዓት ነው፤ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በሁለት ቀን ተኩል ግማሽ ያደርሰዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዋናው ማጥፊያ በፊት የተቀጠለ የሙዚቃ ቴፕ ወይም ተንሳፋፊ ማብሪያው ቆሻሻ ይዞት የማይጠፋ የውሃ ማውጫ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ራሱ ከማጥፊያው በፊት መሆኑ ልክ ነው፤ ሰው በሌለበትም መሥራት አለበት። ቴፑን ግን ከማጥፊያው በኋላ ያዙሩት።

ምልክት፦ ፊውዝ ደጋግሞ ይቃጠላል።

ተለቅ ያለ አይተኩ፤ ያኔ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። ለባለ 1.5 ሽቦ 10 አምፔር፣ ለባለ 2.5 ደግሞ 15 በቂ ነው። ሽቦው ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ተልጦ እንደሆነ ይዩ፣ ቀዳዳው ላስቲክ ይግባለት። ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር አይራቅ፣ ከዚያ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። የቤት መስመር ደረቅ (ባለ አንድ ክር) ሽቦ እዚህ አይገባም፤ ንዝረት ይሰብረዋል።

ምልክት፦ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው አይሞላም።

መካከለኛ ፍጥነት ላይ በፖሎቹ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከ12.6 ካልተነሳ መጀመሪያ የቻርጅ መስመሩን ፊውዝና ማያያዣ፣ ቀጥሎ ሬክቲፋየሩን (የሞተሩን ኤሌክትሪክ ባትሪው ወደሚቀበለው የሚቀይረውን) ይፈትሹ። ሞተሩ እየሠራ ዋናው ማጥፊያ ከጠፋ ሬክቲፋየሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ማጥፊያው ከነጂው ክርን የሚርቅ ቦታ ይሁን። ከ15 በላይ ካነበበ ችግሩ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚገድበው) ነው፣ ባትሪውን ሳይቀቅለው ያቁሙት።

ሁለተኛ ባትሪ ሲጨመር ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ነው የሚገናኘው። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ከተገናኘ 24 ቮልት ይሰጥና ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። አሮጌና አዲስ አይቀላቀሉ፤ አሮጌው አዲሱን እየጎተተ ያደክመዋል።

ክረምት ላይ ጀልባዋ ሥራ ስትፈታ ባትሪው ወጥቶ በወር አንዴ ቻርጅ ይደረግ። ውሃ ላይ ታስራ የምትከርም ከሆነ ግን ባትሪው አይወጣም፤ የሐምሌን ዝናብ የሚያወጣው ፓምፑ ስለሆነ የሌላውን ሁሉ መስመር ነቅለው የእሱን ብቻ ይተዉና ቮልቱን በየሳምንቱ ይመልከቱ፤ 12.4 ሲደርስ ቻርጅ ይደረግ።