ግቢ ውስጥ የስፖርት ግሩፕ ልትጀምሩ ነው? ቅጣቷን ተዋት

ግቢ እያለሁ የጠዋት ሩጫ አስተባብር ነበር፣ እስካሁን ፍሬሾች ኢንቦክስ እየገቡ "እንዴት እንጀምር?" ይሉኛል፣ እቅዳቸውን ሳየው ግን ሁሌም አንደኛ ላይ ያለችው ያቺው ናት፦ "የቀረ 20 ብር ይቀጣል"።

ኧረ በናታችሁ! እኛም ሞክረናታል። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ግር ብሎ መጣ፣ በሁለተኛው አንዱ ልጅ እሁድ ማታ ዶርማችን መጥቶ 100 ብር ቆጥሮ ሰጠኝና "የአምስቱም ቀን ነው፣ እንዳትቀሰቅሱኝ" ብሎኝ ሄደ። ምን ልበለው፣ ህጉን ያወጣሁት እኔው! ድሮ ሲቀር ይሉኝታ ይይዘው ነበር፣ አሁን ግን ከፍሎ እንቅልፉን ገዛ። እስራኤል፣ ሃይፋ ውስጥም ልጃቸውን ከመዋዕለ ሕፃናት ለመውሰድ የሚያረፍዱ ወላጆች ላይ 10 ሼክል ቅጣት ሲጣል አርፋጁ ጭራሽ ባሰ፣ ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፣ እኛ ግን ዛሬም 20 ብር እንላለን።

ብሩ ለድግግሞሽ ይዋል። ከዚያው ጥናት አዘጋጆች አንዱ፣ ኢኮኖሚስቱ ዩሪ ግኒዚ፣ ጋሪ ቻርነስ ከሚባል ሌላ ኢኮኖሚስት ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ጂም ልኳል፦ ለአንዱ ቡድን አንዴ ለመሄድ 25 ዶላር፣ ለሌላው በዛ ላይ በ4 ሳምንት 8 ጊዜ ለሚደግም 100 ዶላር። ክፍያው ካቆመ በኋላም መሄዱን የቀጠለው 8 ጊዜ የለመደው ነው። ስለዚህ ሁላችሁም አዋጡና በወር 8 ቀን የመጣ ብሩን ይውሰድ፣ ለአንድ ቀን መቅረት ዋጋ አታውጡለት። ፋይናል ያለበትን ወር ግን ዝለሉት።

ለፈጣኑ ሽልማት አትስጡ፣ ከበቆጂ የመጣ ልጅ ካለ አለቀላችሁ።

መዋጮውን አንድ ሰው ብቻውን አይያዝ። ይሄን የምለው አፍሬ ነው፣ እኔ ከራሴ ብር ጋር ቴሌብሬ ላይ ቀላቅዬ ይዤው ወሩ ሳያልቅ በላሁት፣ እማዬን "የሃንድአውት ነው" ብዬ ዋሽቼ ነው የተካሁት።

ደሞ 60 ሰው ቴሌግራም ላይ ሰብስባችሁ ግሩፕ አለን አትበሉ፣ ማታ እሳት ኢሞጂ የለጠፈ ሁላ ጠዋት 11 ተኩል ላይ የለም። የአንድ ዶርም ልጆችን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣምሩ፣ አንዱ ካልተነሳ ሌላው አይወጣም። ያንን ባለ 100 ብር ልጅ ብሩን መልሼለት ከላይኛው አልጋ ከሚተኛው ጓደኛው ጋር አጣመርኩት፣ እሱ ደሞ መቀስቀስ አያውቅም፣ ብርድ ልብስ ገፎ ይዞ ነው የሚወርደው።